ታይፎይድ ያልኩት ድካም

ታይፎይድ ክቡር በሽታ ነው። ለቀልድ አይደለም እንዲህ የምለው። ጎንደር ውስጥ ታይፎይድ የያዘው ሰው አንገቱን አይደፋም፤ ውሃው ነው፣ ሰላጣው ነው፣ ወቅቱ ነው ይባልለታል፤ ጠያቂ ብርቱካን ይዞለት ይመጣል። እኔም ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ታይፎይድ አለብኝ እያልኩ ኖሬያለሁ። የእውነተኛ በሽታዬን ስም ለመጥራት ግን አፍር ነበር። አሁንም ስጽፈው ፊቴን ይሞቀኛል። ቢሆንም፣ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ እየዋለ ደረቱን የተጫነውን ነገር ለሰው መናገር ያቃተው አንድ ልጅ እንኳ ቢያነበው ይጠቅመዋል ብዬ እጽፈዋለሁ።

ሥራዬ ፕሮግራም መጻፍ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ስንወጣ ከጓደኛዬ ከብርሃኑ ጋር ፒያሳ ፎቅ ላይ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራየን። ለመድኃኒት ቤቶች፣ ለእህል መጋዘኖችና ለቁጠባ ማኅበራት ሽያጭና ዕቃ የሚቆጣጠር ፕሮግራም እንሸጥ ነበር። ብርሃኑ ኮምፒውተሮቹን ይገጥማል፣ ገመድ ይዘረጋል፤ ፕሮግራሙን የምጽፈው እኔ ነኝ። ስለዚህ ሲበላሽ የሚያቃናው ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም። ብርሃኑ “አስተምረኝና ላግዝህ” ይለኛል። እሺ ብዬ ወንበር ስስብለት ስልክ ይጮሃል፤ ትምህርቱም በዚያው ይቀራል።

የአባቴን ሱቅ ካልነገርኳችሁ የቀረው አይገባችሁም። አባቴ ቅዳሜ ገበያ ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ አያቴም ነጋዴ ነበር። እዚያ ሱቅ ውስጥ ከአፍ የማይወጣ አንድ ቃል አለ፤ “የለም” የሚለው። ደንበኛ የጠየቀችው ሻሽ መደርደሪያው ላይ ባይኖር፣ “ኢንሻአላህ ይመጣል፣ ሐሙስ ብቅ በይ” ይባላል። ከዚያ አባቴ ወይ ከጎረቤት ሱቅ ይዋሳል፣ ወይ ባሕር ዳር ላለ ወዳጁ ደውሎ በአውቶቡስ ያስልካል። “የለም ያለ ነጋዴ ደንበኛውን ለሌላ መረቀ” ይል ነበር። ወንድሞቼም እኔም እዚያ ሱቅ ውስጥ ሜትር እየያዝን ስላደግን ቃሉን ከምላሳችን አውጥተን ጥለነዋል።

እኔ ታዲያ ይህንኑ ሕግ ወደ ፕሮግራም ሥራ ይዤው ገባሁ። “ጀማል፣ የዱቤ ሽያጭ ለብቻው እንዲያሳየን አድርግልን።” እሺ። “ለነገ ይድረስልን።” ኢንሻአላህ። “የማኅበሩ ስብሰባ አለብን፣ ሪፖርቱን በሌላ መልክ ቀይረው።” ይቀየራል። አባቴ ቃል ሲገባ ባሕር ዳር ዕቃ አለ፣ አውቶቡስም አለ። እኔ የገባሁት ቃል ግን ሁሉም ከራሴ ጭንቅላት ነበር የሚወጣው። ይህን ለመረዳት ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ።

ይባስ ብዬ የራሴን ስልክ ቁጥር ፕሮግራሙ ሲከፈት በሚመጣው ገጽ ላይ ጻፍኩት፤ “ችግር ካለ ለጀማል ይደውሉ” ብዬ። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ኮምፒውተሮቹ ግራ ይጋባሉ፣ ደንበኞቼም “ጀማል፣ ሲስተም የለም!” እያሉ ይደውላሉ። መብራት የትኛው ሰፈር እንደመጣ በከተማው ከሁሉ ሰው ቀድሜ የማውቀው እኔ ነበርኩ። ከቀበሌ አሥራ ስድስት ከተደወለ እዚያ መጥቷል፤ ከአዘዞ ከተደወለ አዘዞም መጥቷል። መጀመሪያ መጀመሪያ ይህን እንደ ቀልድ ለሰው አወራው ነበር።

በሽታው ሲጀምር በሆዴ ጀመረ። ምግብ ሲቀርብ ያቅለሸልሸኛል፣ አንገቴ ይደርቃል። ከዚያ እኔው ራሴ የጻፍኩትን መስመር ደጋግሜ አንብቤ አልገባ ይለኝ ጀመር። ስልክ ሲጮህ ልቤ ይመታል፤ ሳይጮህም ኪሴ ውስጥ የተንቀጠቀጠ ይመስለኛል። ሰላት ላይ ስንት ረከዓ እንደሰገድኩ እየጠፋኝ ከመሀል ተመልሼ እጀምራለሁ። ያን ሰሞን የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ስለነበር፣ ተቀምጬ ልሠራው የምችለውን ሁሉ በእግሬ ከደንበኛ ደንበኛ እየዞርኩ እሠራ ነበር። ደንበኞቼን መጥላት ጀመርኩ። ሰላምታ እየሰጡኝ በልቤ እሰድባቸዋለሁ፤ በአፌ ግን “እሺ” እላለሁ። ማታ ማታ ደግሞ፣ ነገ የሆነ ነገር በእኔ ጥፋት ይፈርሳል የሚል ፍርሃት ይይዘኛል። ምን እንደሚፈርስ ግን አላውቀውም።

አንድ ጠዋት ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ፣ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ፣ እንባዬ መጣ። ማንም አልሞተብኝም። ማንም አልተጣላኝም። ጣቶቼ ኪቦርዱ ላይ ሆነው እምቢ አሉ፣ እኔም እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅኩ። ብርሃኑ በሩን ሲከፍት ፊቴን በክንዴ ሸፍኜ “ትኩሳት አለብኝ” አልኩት። የመጀመሪያዋ ውሸት ያቺ ናት።

ክሊኒክ ወሰደኝ። ፕላስቲክ ወንበሮች፣ ግድግዳው ላይ ድምፁ የጠፋ ቴሌቪዥን፣ ደም ሊሰጥ እየፈራ የሚያለቅስ ሕፃን። ውጤቱ መጣ፤ “ትንሽ ታይፎይድ ታይቶብሃል” አለኝ የሚያክመኝ ልጅ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ስም ተገኘለት። ወረቀቷን አጥፌ ኪሴ ከተትኳት፣ ለጠየቀኝ ሁሉም አሳየኋት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ መድኃኒቱን ጨርሼ ሳልድን ሌላ ክሊኒክ ሄጄ ሌላ ወረቀት አመጣሁ። አንደኛው ጨጓራ ነው አለኝ፣ ሌላኛው ታይፎይድና ታይፈስ አንድ ላይ። ለላቦራቶሪ ስንት እንደወጣ ሚስቴ ሰሚራ ታውቀዋለች፤ እኔ ጠይቄያት አላውቅም።

ለምን አፈርክ ትሉኝ ይሆናል። አባቴ በወጣትነቱ ጣቃ ጨርቅ ተሸክሞ በዳባትና በደባርቅ ገበያዎች የዞረ ሰው ነው፤ ትከሻው ዛሬም አንድ ወገን ያዘነብላል። እኔን ባየ ቁጥር ደስ ይለዋል። “የአንተስ ሥራ ሸጋ ነው፤ ጥላ አለህ፣ ወንበር አለህ። ተቀምጦ የሚውል ሰው ምን ያደክመዋል?” ይለኛል እየሳቀ። ለዚህ ሰው “ወንበር ላይ ተቀምጬ ደከምኩ” ብዬ እንዴት ልንገረው? ታይፎይድ ሲሰማ ግን ሱቁን ዘግቶ መጣ፤ ከሐጅ ያመጣውን የዘምዘም ውሃ በትንሽ ብርጭቆ ቀድቶ በገዛ እጁ አጠጣኝ። እየጠጣሁ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ጠያቂው በዛ። ብርቱካኑ ከኩሽና አልፎ መስኮት ላይ ተደረደረ። አንድ ቀን አቶ ደምሴ ከማክሰኝት መጡ። የእህል መጋዘን ያላቸው ደንበኛዬ ናቸው። ብርቱካናቸውን አስቀምጠው እግሬ ሥር ተቀመጡ።

“እግዜር ይማርህ አያ ጀማል። ምነው እንዲህ ከሳህ?”

“ታይፎይድ ነው፤ አልሃምዱሊላህ፣ እየተሻለኝ ነው።”

“ይተወሃል፣ አይዞህ። የኔም ልጅ ይዞት ነበር።” ከዚያ ቦርሳቸውን ወደ ጉልበታቸው ሳብ አደረጉ። “መቼስ ለሕመምተኛ ሥራ አይሰጥም። እግረ መንገዴን ነው። ይቺ ነገር ከትናንት ጀምሮ ማሽላውን ከጤፉ ደባልቃ ትቆጥራለች። ተኝተህ እንኳ ብታያት…”

ላፕቶፑን ብርድ ልብሴ ላይ አኖሩት። እኔስ ምን ያልኩ ይመስላችኋል? “እሺ፣ ችግር የለም” አልኩ። ተኝቼ፣ ላብ በጀርባዬ እየወረደ፣ ማሽላና ጤፍ ለየሁ። አቶ ደምሴ ክፉ ሰው አይደሉም። እምቢ ብዬአቸው ባውቅ ኖሮ ቦርሳውን አይዙትም ነበር። ሻይ ይዛ የገባችው ሰሚራ በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም አየች።

እንግዳው ሲሄድ ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

“ጀማል፣ ሐናን ምን እንደምትጫወት አይተሃታል?” አለችኝ። ሐናን ልጃችን ናት፣ ያኔ ገና አፏን እየፈታች ነበር። “ጫማዋን ታወልቅና ጆሮዋ ላይ ታደርገዋለች። ‘እሺ፣ እሺ፣ አሁን አየዋለሁ’ ትላለች። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። እንዳንተ።”

ፊቴን ወደ ግድግዳ ላዞር ስል ራሴን ያዝኩ።

“ትኩሳት እንደሌለህ አውቃለሁ። ሌሊት ግንባርህን የምዳስሰው እኔ ነኝ። ትልቁ ሆስፒታል ሂድና ያለብህን ንገራቸው። መደበቁን ከመረጥህ ግን ልጄን ይዤ ጠዳ እናቴ ዘንድ እገባለሁ። ይህን አይታ እንድታድግ አልፈልግም።”

ሰሚራ አስተማሪ ናት፤ ያለችውን ታደርጋለች። ሚስቴንና ልጄን በታይፎይድ ላጣ ነበር፣ ያውም በሌለብኝ ታይፎይድ።

ሆስፒታል ያየኝ ሐኪም ሁሉን መረመረ። “ታይፎይድ የለብህም” አለኝ። ብታምኑኝም ባታምኑኝም ተከራከርኩት! ወረቀቶቼን ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት። ፈገግ ብሎ መልሶ አጠፋቸው። እንዴት እንደምተኛ፣ ምን እንደምሠራ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የሳቅኩት መቼ እንደሆነ ጠየቀኝ። ከዚያ ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍል የሚልክ ወረቀት ጻፈልኝ። በቁሜ ቀዘቀዝኩ። አበድክ የተባልኩ መሰለኝ።

የአእምሮ ሕክምናው ክፍል ከዓይን ሕክምናው ጋር በአንድ ኮሪደር ነው። እኔ ሄጄ የዓይን ሕመምተኞች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። የሚያውቀኝ ሰው ቢያልፍ ዓይኑን ነው ይበል ብዬ። አልፎ አልፎም ዓይኔን አሸት አሸት አደርግ ነበር፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።

“ይህ የሐጂ ይማም ልጅ አይደለም?” የሚል ድምፅ ከአጠገቤ ሰማሁ። መሪጌታ ዘለቀ ናቸው፤ ጎረቤታችን፣ የአባቴ የብዙ ዘመን ወዳጅ። ሞራ ዓይናቸውን ሸፍኖት ሊያስገፍፉ መጥተዋል። “ዓይንህን ነው ልጄ?”

“አዎ፣ መሪጌታ።”

“በዚህ ዕድሜህ! ያ የምታፈጥበት ኮምፒውተር ነው። እኔ እንኳ ብራና ላይ አፍጥጬ ነው።”

ስለ ዓይን ብዙ አወራን። ስለ ጨለማው፣ ስለ ጸሐዩ፣ ስለ ጠብታው፤ እኔም እንደ እውነተኛ የዓይን ሕመምተኛ አብሬ አማረርኩ። ይሄኔ ከኮሪደሩ መጨረሻ የአእምሮ ሕክምናው በር ተከፈተ፤ ነርሷ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ “ጀማል ይማም!” አለች። አልተነሣሁም። ደግማ ጠራች። ወለሉን አየሁ። ያለው ሕዝብ ሁሉ ዞር ዞር አለ። ተራዬ እንዲያልፍ፣ ሁሉም ነገር እንዲያልፍ ፈለግኩ።

መሪጌታ ወደኔ ጠጋ አሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ሂድ እንጂ ልጄ፣ ተጠርተሃል” አሉኝ። ጋቢያቸውን አነሱና እኔ በተቀመጥኩበት ቦታ ላይ ዘረጉት። “ቦታህን እጠብቅልሃለሁ፤ ስትመለስ እዚሁ ተቀመጥ።”

በሕይወቴ ብዙ ቸርነት አይቻለሁ። እንደዚያ ጋቢ ያለ ግን አላየሁም። ተነሥቼ ሄድኩ።

ሐኪሟ ወጣት ናት። የመጨረሻ እረፍትህ መቼ ነበር ስትለኝ ዒድ ቀን አልኳት፤ ትንሽ አስቤ ደግሞ ዒድ ቀንም አቶ እገሌ ጋር ሄጄ እንደነበር ትዝ አለኝ። እያለቀስኩ ነበር የማወራው። እስክጨርስ ጠበቀችኝ። “ይህ በርንአውት ይባላል” አለችኝ፤ ሥራ ለረጅም ጊዜ ከአቅም በላይ ሆኖ ማረፊያ ሲታጣ፣ አካልም ልብም አንድ ላይ የሚዝሉበት ሁኔታ ነው። ስንፍና አይደለም፣ እብደትም አይደለም። ዝም ከተባለ ግን ወደ ድብርት ሊወስድ ይችላል። ሥራ ብዛቱ አንድ ነገር ነው፤ እኔን የጣለኝ ግን ሥራው መጨረሻ የሌለው መሆኑና ሸክሙን ያካፈልኩት ሰው አለመኖሩ መሆኑን ከእኔው አፍ እያወጣች አሳየችኝ።

“እምቢ ብለኸው የምታውቀው ሰው አለ?” አለችኝ።

ብዙ አሰብኩ። አንድም ስም አልመጣልኝም።

ለእንቅልፍ የምትረዳ ክኒን ለጥቂት ጊዜ አዘዘችልኝ፣ በየሳምንቱ እንድመለስ ቀጠረችኝ። ከሥራ እንድርቅ፣ ስልኩን ለብርሃኑ እንድሰጥ ነገረችኝ። “ከቤተሰብህ ያለብህን የሚያውቀው ማነው?” ስትል “ሚስቴ ብቻ” አልኳት። “የምታፍረው ማንን ነው?” አለችኝ። “አባቴን።” “እንግዲያው መድኃኒቱ እሱ ጋ ነው ያለው” አለችኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን እያወቅኩት፣ ለሰሚራ ሁሉን ስነግራት ለአባቴ ግን አፌ አልከፈት አለኝ። ሰሚራ ልብሷን የከተተችበትን ሻንጣ ከቤት አላወጣችውም፤ መልሳም ወደ ጓዳ አላስገባችውም። ልብሶቿ ተጣጥፈው አልጋ ሥር ሰነበቱ።

መሪጌታ ነገሬን የሸፈኑልኝ መስሏቸው ገበያ ላይ ለአባቴ “ልጅህ ዓይኑን እየታከመ አገኘሁት፣ እግዚአብሔር የዓይኑን ብርሃን ይመልስለት” አሉት። አባቴ ሱቅ አስጠራኝ። ገና ስገባ ፊቴን ይዞ ወደ ብርሃን አዞረኝ።

“ዓይንህ ምን ሆነ?”

“ምንም።”

“ታይፎይድ ነው ያልኸኝ። አሁን ደግሞ ዓይን ይላሉ። ልጄ፣ ምንድን ነው የምትደብቀኝ? ክፉ በሽታ ነው?” ፊቴን አልለቀቀኝም። ልሞትበት ነው ብሎ ሰግቶ ነበር። ለካ እያፈርኩ የሰወርኩት ነገር ከእውነቱ የከፋ ሆኖ ደርሶታል።

ነገርኩት። እንባውን፣ ጣቶቼን፣ የሐኪሟን ክፍል፣ ሁሉን። “ወንበር ላይ ተቀምጬ ደከምኩ፣ አባ” አልኩት። የሱቁን ወለል እያየሁ ሳቁን ጠበቅኩ። አልሳቀም። መሳቢያውን ከፈተ፤ ከመቀሱና ከሜትሩ ሥር፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቃትን የጨጓራ ክኒን አወጣ።

“አንተ ታይፎይድ አልህ። እኔ ጨጓራ እያልሁ ኖርሁ” አለ። “ሐሙስ ይመጣል ያልሁት ዕቃ ባልመጣ ጊዜ፣ ረቡዕ ሌሊት ደረቴን ይጫነኝ ነበር። ለእናትህ እንኳ ጨጓራ ነው እላት ነበር። አላህ ይማራት፣ ሳታውቅ ሄደች።”

አንዲት ሴት ገባች፤ አረንጓዴ ጥለት ያለው ሻሽ ጠየቀች። አባቴ መደርደሪያውን አየ። ጉሮሮውን ጠረገ።

“የለም” አለ።

ሴትዮዋ የቆየች ደንበኛ ናት፤ የምትሰማውን አላመነችም። “ሐሙስ ብቅ ልበል?”

“ሐሙስም የለም እህቴ። ማዶ ካለው ሱቅ ጠይቂ፣ እሱ ዘንድ አይቻለሁ።”

ስትወጣ አባቴ ግንባሩን በሻሽ ጠረገ፤ የልጅ ሥራ አይደለም እያለ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ያን ማታ ቤት ስገባ ለሰሚራ “ለአባቴ ነገርኩት” አልኳት። ሻንጣውን ከአልጋ ሥር ጎትታ ልብሱን ወደ ቁም ሳጥኑ መለሰች።

ድኜ ወዲያው አልሮጥኩም። ወር ሙሉ ሥራ አልገባሁም። ጠዋት ጠዋት ከአባቴ ጋር እስከ ወለቃ በእግር እንሄዳለን፤ እዚያ ያሉት ሸክላ ሻጮች እስኪለምዱን ድረስ። መጀመሪያ ላይ ስመለስ ደክሞኝ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር፣ በቀን መተኛቴ ደግሞ ያሳፍረኝ ነበር። ስልኩን ለብርሃኑ ሰጠሁት፣ ከገጹም ላይ ስሜን አጥፍቼ የቢሮውን ቁጥርና የሥራ ሰዓት ጻፍኩበት። ወደ ሥራ ስመለስ መጀመሪያ የሠራሁት ነገር ወንበር ስቤ ብርሃኑን ማስተማር ነው። ሁለት ደንበኞች ተቆጥተው ጥለውን ሄዱ። ሁለት ጊዜም ወደ ቀድሞው ልማዴ ተመልሼ ደረቴን ተጭኖኛል፤ ያኔ ወደ ሐኪሟ ተመልሼ ሄጃለሁ፣ በሐኪሟ በር ፊት ባለው አግዳሚ ወንበር ላይም ተቀምጬ ጠብቄያለሁ። እፍረቱ ሁሉ ሄደ አልላችሁም። ይህን ስጽፍ አባቴ አጠገቤ ቢሆን ዛሬም አቋርጠው ይሆናል። ግን ወንድሜ፣ እህቴ፣ ስልኩ ሳይጮህ ኪስህ የሚንቀጠቀጥብህ ከሆነ፣ ለታይፎይድ ምርመራ ደምህን ከመስጠትህ በፊት ለአንድ የምታምነው ሰው ንገረው። ለምታፍረው ሰው መንገር ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል።

ባለፈው አቶ ደምሴ በሰሚራ ስልክ ቤት ድረስ ደወሉልኝ። “ለነገ ጠዋት ይድረስልኝ” አሉኝ። ልቤ እንደ ቀድሞው መታ። “ለነገ አይደርስም፣ አቶ ደምሴ። ሰኞ ቢሮ ብርሃኑን ይጠይቁት” አልኳቸው። ትንሽ አጉረመረሙ፣ ከዚያ “ደህና፣ ሰኞ” ብለው ዘጉ። ዓለም አልፈረሰችም።

ዞር ስል ሐናን ጫማዋን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ታየኛለች። “ነገ አይደርስም” አለች ለጫማው። ከዚያ ጫማውን እግሯ ላይ አድርጋ እጄን ይዛ ወደ ደጅ ጎተተችኝ።